አራተኛ ቁጥር ላይ የቀሩ ጀግኖች፦ የተረሱ የፋንታሲ ኮሚኮችን ማን ያስታውሳል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሚክ የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የማታነቡም ግቡበት፣ ክልክል የለም።

የኮሚክ አሳታሚው ማርቭል በ1970 ኮናን የሚባለውን ባለ ሰይፍ ተዋጊ በኮሚክ ማውጣት ከጀመረ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሰይፍ ለያዘ ጡንቻማ ሁሉ መጽሔት ተከፈተለት። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።) ኮናን ራሱ እስከ 1993 ቆይቶ 275ኛ ቁጥር ደረሰ። ተከታዮቹ ግን አብዛኞቹ ጥርስ ሳያበቅሉ ተዘጉ። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ፍርዱ አንድ ነው። ቅጂ ነበሩ፣ ቀሩ፣ እሰይ።

እኔ አልስማማም። ሰሞኑን ስቶከርን እንደገና አነበብኩት። የማርቭል ተፎካካሪ አሳታሚ የሆነው ዲሲ በ1975 የጀመረው፣ አራት ቁጥር ብቻ የወጣ ኮሚክ ነው። ጸሐፊው ፖል ሌቪትዝ ነው። በእርሳስ የሳለው ስፓይደርማንን ከስታን ሊ ጋር የፈጠረው ስቲቭ ዲትኮ፣ በእርሳሱ ላይ በጥቁር ቀለም ያወጣው ደግሞ ዋሊ ውድ። ታሪኩ ተዋጊ መሆን ስለሚመኝ ምስኪን ልጅ ነው። ልጁ ተታሎ ባርነት ውስጥ ይወድቃል፣ ያመልጣል፣ ድግርዝ የሚባል የጦረኞች አምላክ ቤተ መቅደስ ገብቶ ነፍሱን ይሸጣል። በምላሹ ወደር የሌለው ተዋጊ ይሆናል። ችግሩ ከነፍሱ ጋር ስሜቱ ሁሉ መሄዱ ነው። የበደሉትን ሲበቀል እንኳ ደስ አይለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነፍሱን ለማስመለስ መንከራተት ነው።

ሥዕሉን አንድ ጊዜ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የልጁ ዓይን ቀይ ነው፣ ፊቱ ምንም አይናገርም። የሚናገሩት እጆቹ ናቸው። ዲትኮ ጣት ሲስል እያንዳንዷ ጣት የራሷ ጭንቀት ያላት ትመስላለች። ውድ ደግሞ ጥላውን እንደ ከሰል ያጠቁረዋል፣ ከጥቁሩ ውስጥ የሚታያችሁ ግማሽ ፊትና አንድ እጅ ብቻ ነው። ኮናን ወርቅ፣ መጠጥና ዙፋን ይፈልጋል። ይሄኛው የሚፈልገው አንድ ነገር መፈለግ መቻልን ነው። እና ይሄ በየት በኩል ነው ቅጂ የሚሆነው?

የኔ አቋም፣ እነዚህ ኮሚኮች የተረሱት ስለደከሙ ሳይሆን መሃል ላይ ስለተቆረጡ ነው። እናንተስ? እንደገና ቢነበብ የምትሉት የቱን ነው? የውይይት ክሩ ሲረዝም ማንም ከላይ እንደማይጀምር ስለማውቅ የመልሶቹን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር እዚሁ ሥር እየጨመርኩ እሄዳለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ በሰባዎቹ ለትምህርት አሜሪካ የመጡ አባት ናቸው። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የሚሽከረከር የሽቦ መደርደሪያ እንደነበር፣ አንድ ኮሚክ 25 ሳንቲም እንደነበር፣ እሳቸውም እንግሊዝኛቸውን ለማፍታታት እየገዙ ያነቡ እንደነበር ጽፈዋል። የስቶከርን ቁጥር 1 ያስታውሱታል። ቁጥር 2 ግን እዚያ መደርደሪያ ላይ ድርሽ አላለም። ልጁ ነፍሱን አገኘ ወይስ እንዲሁ ቀረ? ንገሩኝ ብለዋል።

መልስ 2። በትህትና ጀምሮ አንድ ነገር ጨመረልን። ሌቪትዝ ያንን ሲጽፍ 18 ዓመቱ ነበር። ኋላ የዲሲ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ለ1ኛው አባትም መላ ሰጣቸው፤ አራቱም ቁጥሮች በ2011 የዲትኮን የዲሲ ሥራዎች በሰበሰበው ጥራዝ ውስጥ ታትመዋል፣ ያገለገለ መጽሐፍ ከሚሸጡ ዘንድ ቢፈለግ ይገኛል። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ግን ስቶከር የዲሲ የመጀመሪያው የሰይፍና አስማት ኮሚክ እንደሆነ አክሎ ቁጭ።

መልስ 3። ይሄን ሲጠብቅ የኖረ ሰው መጣ። ዲሲ ገና በ1969 ናይትማስተርን ማውጣቱን፣ ጀግናው ሚራ ወደሚባል ዓለም የተወሰደ የሮክ ዘፋኝ መሆኑን፣ ሁለቱን ቁጥሮች ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው በርኒ ራይትሰን መሳሉን፣ በ1973 ደግሞ ሶርድ ኦፍ ሶርሰሪ የሚባል መጽሔት ዴኒ ኦኒል እየጻፈና ሃዋርድ ቼይኪን እየሳለ አምስት ቁጥር ወጥቶ መቆሙን ዘረዘረ። መረጃው ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን 2ኛውን ፈተና የወደቀ ተማሪ አስመሰለው። 2ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፣ እስካሁን አኩርፏል መሰለኝ።

መልስ 4። የወደድኩት ይሄን ነው። መላሹ ሜሪላንድ ውስጥ የሆነ ሰው ጓሮው ውስጥ ዕቃ ሲሸጥ አግኝቶ አንድ ካርቶን ሙሉ ሽፋን የሌለው ኮሚክ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ያኔ ተማሪ ነበር። ከውስጡ ቀኝ እጁ የአውሬ ጥፍር የሆነ፣ ያንን እጅ በቀይ ጓንት ሸፍኖ የሚዞር ተዋጊ ያገኛል። ሽፋን ስለሌለው የቱ ገጽ መጀመሪያ እንደሆነ ለማወቅ እንኳ ማስታወቂያዎቹን ማገላበጥ ነበረበት። ኋላ ነው ክሎው ዘ አንኮንከርድ እንደሆነ ያወቀው። ዲሲ በዚያው በ1975 የጀመረው፣ ዴቪድ ሚክሊኒ የጻፈው ነው። መላሹ የሚከራከረው፣ ጀግናው በገዛ እጁ የሚያፍር መሆኑ ከኮናን ይለየዋል ብሎ ነው።

መልስ 5። ይሄኛው አልራራም። ክሎው ኮናንን ካልመሰለ ማን ሊመስል ነው? ሰዓሊው ኧርኒ ቻን ማርቭል ቤት የጆን ቡሴማን ኮናን በቀለም ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። እጁን ቀይረህ ሌላውን እንዳለ ትተህ አዲስ ነው ማለት አይቻልም የሚል ነው ክርክሩ። ትንሽ እውነት አለው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ላይ። መጨረሻ ላይ ግን ክሩን ያጠፋውን ነገር ጣል አደረገ። ቻን ከፊሊፒንስ የመጣ ነው፣ የልደት ወረቀቱ ላይ በስህተት ቹዋ ተብሎ ስለተጻፈ በ1976 ዜግነት አግኝቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ኮሚኮቹ ላይ የሚወጣው ስሙ ኧርኒ ቹዋ ነበር።

መልስ 6 እስከ 9። ከዚህ በኋላ ስለ ኮሚክ ያወራ የለም። አንዱ ፓስፖርቱ ላይ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለገባ ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ በአባቱ ስም እንደሚጠራው ጻፈ። አንዷ ከእናቷ፣ ከአባቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ሁሉም ጃንዋሪ 1 እንደተወለዱ ወረቀቱ ይናገራል፣ በየዓመቱ አንድ ኬክ ይበቃናል ብላ አሳቀችን። ሌላው የቀን መቁጠሪያ ሲቀየርለት ሰባት ዓመት እንዳረጀ፣ ጡረታ ሲደርስ ግን እንደሚጠቅመው አስልቶ አስቀመጠ። 9ኛው ጠበቃ ፈልጉ ብሎ ምክር ጀመረ፣ ምክሩ ረዥም ነው፣ ዘለልኩት።

መልስ 10። አወያዩ ገባ። የወረቀት ጉዳይ የራሱ ክር እንዳለውና ወደዚያ እንድንሄድ፣ እዚህ ሰይፍና አስማት ብቻ እንዲቀር በጨዋ ደንብ አሳሰበ።

መልስ 11። ዋርሎርድን አመጣ። ማይክ ግሬል የፈጠረው፣ ትራቪስ ሞርጋን የሚባል የጦር አብራሪ ኤስአር 71 አውሮፕላኑ ተመቶ በሰሜን ዋልታ በኩል ምድር ሆድ ውስጥ ወዳለ ስካርታሪስ የሚባል ዓለም የሚገባበት ታሪክ። እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ስለዚህ ሰው ጊዜ መቁጠር አይችልም። መላሹ የሚገርመው ከነገሩ ጀርባ ያለው ታሪክ ነው አለ። ዲሲ በ1976 ከሁለት ቁጥር በኋላ ዘግቶት ነበር። አዲሷ አሳታሚ ጃኔት ካን መጥታ ስታየው ስለወደደችው ተመልሶ ተጀመረ። ከዚያ እስከ 1988 ድረስ 133 ቁጥር ወጣ።

መልስ 12። 133 ቁጥር የወጣ ኮሚክ ምኑ ነው የተረሳ? ከዚህ ይጀምርና ወደ ስድብ ጫፍ ይደርሳል። የተረሳ ማለት ምን እንደሆነ ትርጉም ካልተሰጠ ክሩ የቡና ወሬ ነው ይላል። እኔ በዚህ ከ11ኛው ጎን ነኝ። ብዙ ቁጥር መውጣትና መታወስ ለየብቻ ናቸው። የዛሬ ወጣት ኮሚክ አንባቢ ስለ ትራቪስ ሞርጋን ብትጠይቀው የእግር ኳስ ተጫዋች ይመስለዋል። ለነገሩ የቡና ወሬ መሆንስ ምን ነውር አለው።

መልስ 13። እዚህ ላይ ክሩ ቀና አለ። ጸሐፊዋ እስካሁን የተዘረዘሩት ሁሉ ሸሚዝ የሌላቸው ወንዶች መሆናቸውን ካላየን ዓይናችንን እንድንመረመር መክራናለች። ከዚያ አሜቲስትን አስተዋወቀች። በ1983 የወጣ፣ ዳን ሚሽኪንና ጋሪ ኮን የጻፉት፣ የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ኧርኒ ኮሎን የሳለው። ኤሚ የምትባል ልጅ 13 ዓመቷን በያዘችበት ቀን ጌምወርልድ የሚባል የከበሩ ድንጋዮች ዓለም ልዕልት መሆኗን ትረዳለች። እዚያ ስትሻገር ግን ሰውነቷ የትልቅ ሴት ነው። ልቧ ግን የ13 ዓመት ልጅ ልብ ነው። ዳርክ ኦፓል የሚባል ጨካኝ ገዥ ያሳድዳታል፣ መሳፍንት እናግባሽ ይሏታል፣ ማታ ደግሞ ቤቷ ተመልሳ እናትና አባቷ ፊት ምንም እንዳልተፈጠረ ልጅ መሆን አለባት።

መላሿ ገና በልጅነቷ አሜሪካ ስለመጣች ይሄ ጉዳይ እንደሚገባት ጻፈች። ትምህርት ቤት ልጅ ነበረች። ቤት ስትመጣ ደግሞ ለቤተሰቡ ደብዳቤ የምታነብ፣ መሥሪያ ቤት ሄዳ የምታስተረጉም ትልቅ ሰው ትሆናለች። ኮሚኩን ያገኘችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ ደጋግማ ተውሳዋለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያ ተከታታይ 12 ቁጥር ተብሎ ታቅዶ 12ቱም ወጥተው በሥርዓቱ ያለቀ ነው። አልተቆረጠም። ታዲያ ለምን ተረሳ? መቆረጥ ነው ያስረሳቸው የሚለው አቋምህ ከዚህ ጋር እንዴት ይሄዳል? ጥያቄው ጥርስ አለው። የኔ መልስ፣ አሜቲስት የተረሳችው በሌላ መንገድ ነው። የዚያን ዘመን ኮሚክ መደብር የሚገቡት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፣ ምን ይታወስ የሚለውን የወሰኑትም እነሱ ናቸው። እሷ ይሄን ሰበብ ነው አለችው። ይሁን፣ ግን ሰበብም እውነት ሊሆን ይችላል።

መልስ 14። 13ኛዋን ደግፎ ካሜሎት 3000ን ጨመረ። ማይክ ባር የጻፈው፣ ብራያን ቦላንድ የሳለው፣ ንጉሥ አርተር በ3000 ዓመተ ምህረት ከመሬት ውጭ የመጡ ወራሪዎችን ሊገጥም ከሞት የሚነሳበት። ፈረሰኛው ትሪስታን በሴት አካል እንደገና ተወልዶ ራሱን መቀበል የሚያቅተው ክፍል ለ1982 ድፍረት እንደነበር ይናገራል። 12 ቁጥር ነው፣ የመጨረሻው እስከ 1985 ተጓትቷል።

መልስ 15። ስለ አሠራሩ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ወደ 1ኛው አባትና ወደ 4ኛው ካርቶን መልሶናል። ያኔ ኮሚክ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫና በመድኃኒት ቤት ነበር። ባለ ሱቁ ያልሸጠውን ይመልሳል። ሙሉውን መጽሔት መላክ ግን ውድ ስለሆነ ሽፋኑን ቀዶ ይልካል፣ ሂሳቡ ይቀነስለታል፣ የቀረው መጣል አለበት። አንዳንዱ ግን አይጥለውም፣ ሽፋን አልባውን በርካሽ ይቸበችበዋል። የ4ኛው ካርቶን ምናልባት ከዚያ የመጣ ነው። አሳታሚውም ስንት እንደሸጠ የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ቀጣዮቹ ቁጥሮች ታትመዋል ወይም ተሰርዘዋል። አከፋፋዩ ደግሞ የትኛው መጽሔት ለየትኛው ሱቅ ይድረስ የሚለው ብዙም አያስጨንቀውም። ቁጥር 1 መጥቶ ቁጥር 2 የሚቀረው ለዚህ ነው። ካሜሎት 3000 ግን ከዚህ አመለጠ፣ ለኮሚክ መደብሮች ብቻ፣ መመለስ በሌለበት ሽያጭ ነበር የሚቀርበው።

ይሄን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። ለካ ስቶከር ሲዘጋ አንባቢ ጠልቶት ይሁን ጭራሽ ሳያገኘው ቀርቶ በእርግጠኝነት ማወቅ የሚችል ሰው አልነበረም።

መልስ 16። ክሎው ላይ ተመለሰ። በ1976 በ9ኛው ቁጥር ቆመ፣ በ1978 ተመልሶ ሦስት ቁጥር ወጣ፣ በዚያው ዓመት እንደገና ተዘጋ። ዲሲ ያን ዓመት የገጽ ብዛት ጨምሮ ዋጋውንም ከ35 ወደ 50 ሳንቲም አድርሶ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት በረዶው ከባድ ስለነበር ማከፋፈሉ ተስተጓጉሏል፣ ሽያጩ ወርዷል፣ ብዙ መጽሔት በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ለክሎው ተሠርተው የነበሩት ቁጥር 13 እና 14 ግን አልጠፉም። ዲሲ የተሰረዙ ሥራዎቹን የመብት ማስረጃ እንዲሆኑ በፎቶኮፒ አባዝቶ በሁለት ጥራዝ ጠርዟቸዋል። ኮፒው 35 ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ከታተመው ይልቅ ያልታተመው ውድ የሆነበት ዓለም።

መልስ 17። አትላስን ማንም አላነሳም ብሎ ተቆጣ። ማርቲን ጉድማን ማርቭልን የመሠረተና በ1968 የሸጠ ሰው ነው። በ1974 ከልጁ ጋር ሲቦርድ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ አትላስ በሚል ስም ኮሚክ ማሳተም ጀመረ፣ ለሰዓሊዎች ከሌላው የተሻለ ከፈለ፣ ሥዕላቸውንም መለሰላቸው። በ1975 ግን ሁሉም ነገር አከተመ። ከአራተኛ ቁጥር ያለፈ መጽሔት አልነበራቸውም። የብረት መንጋጋ ያለው አይረንጆ አራት፣ ኋላ ጂአይ ጆ የሚባለውን ኮሚክ ለማርቭል የጻፈው ላሪ ሃማ የሠራው ዉልፍ አራት። አይረንጆን አንብቤዋለሁ። ይሄኛው እንኳ መረሳቱ ብዙም አያስቆጭም።

መልስ 18። የኛን አገር የነካ አለ ወይ ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ማርቭል በ1966 ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 54 ላይ ቄሱ ዮሐንስን አምጥቶታል። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ሲፈልጉት የኖሩት፣ ፖርቱጋሎች ፍለጋውን ይዘው እኛ አገር የደረሱበት ያ የተረት ንጉሥ። ኮሚኩ ውስጥ ግን ነጭ ሰው ነው፣ የእኛ ቤተ መንግሥት ሽታ እንኳ የለበትም። 18ኛው በዚህ ተናዷል። 3ኛው ብቅ ብሎ ተረቱ መጀመሪያም የአውሮፓ ነው፣ ምን ያናድዳል አለው። ተነካከሱ። አወያዩ ሁለት መልስ አጠፋ፣ ያጠፋው ምን እንደነበር አላየሁም፣ አልነበረብኝም መሰለኝ።

መልስ 19። በ2018 የወጣውን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚነበበውን የኤታን ኮሚክስ ጀምበርን እናንብብ፣ የፈረንጅ ሬሳ ማውጣት ምን ይሠራልናል የሚል ነው። ጀምበርን እኔም አነባለሁ። ግን ያልተረሳ ነገር በተረሱት ክር ውስጥ ምን ያደርጋል? ደግሞስ አንዱን ማንበብ ሌላውን ያስጥላል እንዴ?

መልስ 20። ቀልደኛው። ከሁሉም እንደገና መነበብ ያለበት በ1975 ተጀምሮ ስድስት ቁጥር የወጣው ቤዎልፍ ነው አለ። ጸሐፊው ማይክል ኡስላን፣ ኋላ የ1989ኙን የባትማን ፊልም ካመጡት ሰዎች አንዱ የሆነው። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ግጥም ጀግና ድራኩላን ይገጥማል፣ ሰይጣንም አለበት። መላሹ ይሄ ሁሉ በስድስት ቁጥር ውስጥ መግባቱ ከልማት ዕቅድ የበለጠ ቅልጥፍና ነው ይላል። ጥሩ ኮሚክ ነው አላለም፣ እኔም አልልም። አሰልቺ ግን አይደለም።

መልስ 21። የ1ኛውን አባት ጥያቄ መለሰ። ያላነበባችሁ ይሄን ዝለሉ። በአራተኛው ቁጥር ስቶከር ሲዖል ወርዶ ድግርዝን ያገኘዋል። ነፍሱ ግን ከአምላኩ ጋር ተዋህዳለች፣ የአምላኩ ጉልበት ደግሞ ከጦርነት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነፍሱን ለማግኘት ጦርነት የሚባለውን ነገር ከምድር ማጥፋት አለበት። እዚያ ላይ ተቆረጠ። በ1999 ዲሲ ስቶከርን ዘ ጀስቲስ ሶሳይቲ ሪተርንስ በሚል ተከታታይ ውስጥ መለሰው፣ ግን ጠላት አድርጎ። በ24 ዓመት ውስጥ የደረሰበት መፍትሔ፣ ጦርነት እንዲጠፋ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይጥፋ የሚል ነው።

መልስ 22 እና 23። 22ኛው ይሄ ክህደት ነው፣ የልጁን ታሪክ አበላሹት ብሎ ጮኸ። 13ኛዋ ተመልሳ መጣችና 23ኛዋ ሆና ተቃወመችው። ስሜት የሌለው ሰው ሒሳብ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሒሳቡ ደግሞ ልክ ነው። ሰው ከሌለ ጦርነት የለም። ከመጀመሪያው ገጽ የተዘራው ይሄ ነበር ባይ ናት። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የ18 ዓመቱ ሌቪትዝ እዚያ ያደርሰው ነበር ማለቴ አይደለም፣ ግን በሩን ከፍቶ የሄደው እሱ ነው።

መልስ 24። 1ኛው አባት መልሱን አንብበው አመስግነዋል፣ ግን አልወደዱትም። እሳቸው ልጁ ገበሬ የሚሆን መስሏቸው ነበር።

መልስ 25። አንድ አዲስ ሰው ዊርድወርልድን ለምን ዘለላችሁ፣ ዳግ ሜንችና ማይክ ፕሎግ በ1976 የጀመሩትን፣ በተለይ በ1979 ቡሴማ የሳላቸውና ፒተር ሌጀር በቀለም መርጫ ያቀለማቸው ሦስቱ ትላልቅ እትሞች እያሉ ምን ዓይነት ዝርዝር ነው ይሄ ብሎ ወቀሰን። ልክ ነው፣ ሦስቱም እትሞች እኔ ጋ አሉ። ሦስቱንም ፎቶ አንስቼ ነገ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ስድቡን እንቀጥላለን።